ከፊርማው በኋላ የገባ ስም

አምደሚካኤል፣

መሪጌታን ላመጣ ዲማ ሄጃለሁ። በመጽሐፋቸው ፋይል ላይ የፈረሙት የኮምፒውተር ፊርማ ተበላሽቷል።

ከተፈረመ በኋላ አንዲት ፊደል ብትነካ ፊርማው ውድቅ ይሆናል ብዬህ ነበር። አንተ ግን እንደ ብራና መጽሐፍ መጨረሻው ላይ «በጸሎታችሁ አስቧቸው» ብለህ የእናት አባትህን ክርስትና ስም አስገባህ። አሁን እኒያ ሽማግሌ በዚያ ጉልበታቸው እንደገና መኪና ሊሳፈሩ ነው፤ የሚፈረምበትን የይለፍ ቃል ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም።

አልጋዬን አንጥፍላቸው።
ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀው።

ትናንት የጮህኩብህ ደክሞኝ ነው።

ስሞቹን አላጠፋኋቸውም። ብቻ ሁለት ክረምት ቁጭ ብዬ መጽሐፉን የተየብኩት እኔ ነበርኩ።

እስክንመለስ ፋይሉ ክፍት ነው። የቀረ ስም ካለ ሳይፈርሙ ጨምር።
የእኔ ክርስትና ስም ኃይለ ሚካኤል ነው።

ታረቀኝ