በእኔ ካርድ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣
ከካርቱም

እንዴት ሰንብተሻል? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ይህን ያስቀደምኩት የአገራችን ልጅ ሰብስቤ ከደብዳቤዬ በፊት ሳይደርስብሽ አይቀርም ብዬ ነው። ልጅሽ ሞተች ብሎሽ ከሆነ አልሞትኩም። እሱም አልዋሸሽም፤ ሆስፒታሉ በሰጠው ወረቀት ላይ ያለው ስም የእኔ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲነበብ ሰምቶ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ሌላ ጊዜ ደብዳቤዬን የሚያነቡልሽ ጎረቤታችን እትዬ የኔነሽ ነበሩ። ይህን ግን መምሬ ወልደሥላሴ በር ዘግተው ያንብቡልሽ። ያልደወልኩትም ስልኩ የእትዬ የኔነሽ ስለሆነ ነው። አንስተው "ልጄስ፣ ገሊላዬስ?" ቢሉኝ ምን እላለሁ?

ገሊላ ጉሮሮዋን ካመማት አራት ቀን ሆኗት ነበር፤ ምራቋን እንኳ መዋጥ አቃታት። አል-ሳሃፋ ሰፈር ያለው እኔ የምታከምበት ክሊኒክ ያለ ወረቀት አያክምም፤ እሷ ደግሞ ወረቀት የላትም። የመኖሪያ ፈቃድ ካርዴን ሰጠኋት። እዚህ ሁላችንም የምናደርገው ነው። አበሾች መልካችሁ አንድ ነው ይሉናል፤ እኛም እየሳቅን እንጠቀምበታለን። መንገድ ላይ ዛሬ አንቺን ሆኛለሁና መነጫነጭ ልልመድ እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

ሐኪሙ ሐቲም ቀና ብሎ ሳያያት ፔኒሲሊን አዘዘላት። ይህ መርፌ የማይስማማውን ሰው ይገድላል። ስለዚህ አስቀድመው ክንድ ላይ ጥቂት ወግተው ቆዳው ያብጥ እንደሆነ ሩብ ሰዓት ይጠብቃሉ። እኔን አምና እንዲያ አድርገውኝ፣ ተፈትናለች፣ ይስማማታል ብለው መዝገቤ ላይ በቀይ ጽፈዋል። ነርሷ ሰውሰን መዝገቡን ገለጠች፣ ቀዩን አየች። ወረፋው እስከ ደጅ ደርሷል። አንቺማ ተፈትነሻል፣ ያላ፣ ቶሎ ጎንበስ በይ አለቻት።

ገሊላ አረብኛው ገና አልገባትም ነበር። እኔ ግን አጠገቧ ቆሜ ሰምቻለሁ። መዝገቡ የእሷ አይደለም ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ካርዴን ቢነጥቁኝስ፣ ፖሊስ ቢጠሩስ ብዬ ዋጥኩት። ደግሞስ ለአንድ መርፌ ምን ትሆናለች አልኩ። ፈሪ ልጅ ነው የወለድሽው፣ እናቴ።

አምስት ደቂቃ አልሞላም። መጀመሪያ እጇን አሳከካት፣ ከዚያ ከንፈሯ አበጠ፣ ከዚያ አየር አጠራት። ለእንዲህ ያለ ጊዜ የሚወጋው መድኃኒት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ሐቲም ኪስ ውስጥ ነው፤ ሐቲም ምሳ ወጥቷል። የሰው ነፍስ በአንድ ሰው ኪስ ይቀመጣል? ሰውሰን የቁም ሣጥኑን በር በመቀስ ስትገነጥል እኔ ገሊላ፣ ገሊላ እያልኩ እጮኻለሁ። ሰውሰን ስሙን ስትሰማ እጇ ቆመ፣ ዞራ አየችኝ። ያኔ ገባት።

ሆስፒታል ስንደርስ አንቺስ ማን ነሽ አሉኝ። ገሊላ ነኝ አልኳቸው። እሷ ለአንዲት ትንፋሽ እየታገለች፣ እኔ አሁንም ካርዴን አስብ ነበር።

አሁን ክሊኒኩ ጥፋቱን ሁሉ ሰውሰን ላይ ጥሎ አባርሯታል። ፖሊስም ይፈልጋታል። ጥፋት አለባት፤ ሐቲምም አለበት። እነሱ ግን አላወቁም፤ እኔ አውቄ ነው ዝም ያልኩት። ሰውሰን የካርዱ ባለቤት እኔ መሆኔን ለማንም አልተናገረችም። ብትናገርብኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ነገ ጠዋት ጣቢያ ሄጄ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። ምናልባት ያስሩኝ፣ ምናልባትም ከአገር ያስወጡኝ ይሆናል። የመቃብሯ መስቀል ላይ ግን የእኔ ስም አይጻፍም፤ ስሟን እመልስላታለሁ።

ደብዳቤውን የያዘው ኑርሁሴን የሚባል ሾፌር ነው፤ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ አትሸኚው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ሰዉ ለእኔ ተሰብስቦ ከሆነ በደስታ እልል ብለሽ አትበትኝው። ድንኳኑንም አታስነቅዪ። ነጠላሽን እንዳዘቀዘቅሽ ሁኚና መምሬን አስከትለሽ ጎህ ሳይቀድ አጥሩን ተሻገሪ። እትዬ የኔነሽ እስካሁን አንቺን ሲያጽናኑ ነበር የከረሙት። እሳቸው እኔን ይቅር እንዲሉኝ አትለምኚልኝ።

እግዚአብሔር ለሁለታችሁም ብርታቱን ይስጣችሁ።

ካሁን ወዲያ የሁለታችሁ ልጅ