ሚስቱን ሊለምን ሽማግሌ የላከ ባል

ለምወድሽ እህቴ ለእታለም ገበያነሽ፦

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? የድሬ ሙቀት ዘንድሮ እንዴት አድርጎ ያዛችሁ? ጋሽ ወንድዬስ፣ ልጆቹስ፣ አባባስ ደኅና ናቸው? እኔ በጣም ደኅና ነኝ፤ ጾሙም አላከሳኝም፣ እንዲያውም ቀሚሴ ጠቦኛል። ይህን በደንበኛዬ በሜሪ እጅ የላክሁልሽ፣ ስደውል አባባ ሁልጊዜ አጠገብሽ ስለሚሆኑና ነገሩ መጀመሪያ ለብቻሽ የሚነገር ስለሆነ ነው።

ግን አስቀድሜ ያዋረደኝን ልንገርሽ፤ ለማንም እንዳታወሪብኝ። ባለፈው ሰሞን ፀጉር ቤቴ ውስጥ፣ ደንበኞቼ ፊት፣ በሥዕል መጽሐፍ አለቀስኩ! አብራኝ የምትሠራው ሶፊ ማንጋ የሚሉትን የጃፓን የሥዕል ታሪክ ከዘመዷ ተውሳ አምጥታ ነበር። እኔም እንደ ወጋችን ከግራ ጀምሬ ገለጥኩት። መጀመሪያ ባልና ሚስቱ በረንዳ ላይ ተደጋግፈው ተቀምጠዋል፤ ቀስ በቀስ ይራራቃሉ፤ በመጨረሻ ጠረጴዛ ከበው ፊት ለፊት እንደ ባዳ ይፈርማሉ። እንዲህ ተዋደው ተፋቱ ብዬ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሶፊ በሳቅ ፈረሰች። ‹ጥሩዬ፣ ጃፓኖች እኮ ከቀኝ ነው የሚያነቡት! ፊርማው የጋብቻ ነው፤ ከኋላ ጀምረሽ ያፋታሻቸው አንቺ ነሽ› አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሶፊ ትተርካለች፣ እኛ እንሰማለን። ሰውየው የአያቱን ሳሙና ፋብሪካ ለመውረስ ሚስት ያስፈልገዋል፤ ልጅቷ ደግሞ መጠለያ የላትም። ለጥቅም ተጋቡ። ታዲያ እጇን መች ይይዛል ብለን ስንጠብቅ፣ ዝናብ ዘነበና ጃንጥላ ያዘላት። የቤት አከራዬ ወይዘሮ ከበደችም ፀጉራቸውን እየተሠሩ ‹ይሄን ሰውዬ በገዛ ጃንጥላው ነበር የምለው!› ብለው ተቆጡ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔ ግን የራሴን ቤት የሚተርኩ መሰለኝ።

ከቀጄላ ጋር እንዴት እንደተጋባን ታውቂያለሽ። እኔም እሱም ቀራንዮ ያለውን የወይዘሮ ከበደችን ሁለት ክፍል ቤት ልናይ በየደላላችን ስንሄድ፣ ‹ለላጤ አላከራይም፤ ባልና ሚስት ከሆናችሁ ወረቀቱን አምጡ› አሉን። በዚሁ ምክንያት ሁለታችንም ከስንት ደጅ ተመልሰን ነበር! ሳቅንና የጋብቻ ወረቀት ተፈራረምን። አንዱ ክፍል የሱ፣ አንዱ የኔ፤ አንዳችን ሌላ ቤት ስናገኝ ልንለያይ። አባባ ግን ሲሰሙ ‹ደጄ ሳይጠና የወጣች ልጅ› አሉ፤ ይኸው ስደውል ስልኩን ላንቺ አቀብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። እሱ ነው ልቤ ላይ እንደ ድንጋይ የተቀመጠው።

ቀጄላ ጦር ኃይሎች ሰፈር ፍሪጅ ይጠግናል፤ ወሬ አይወድም። እስካለፈው ጥምቀት ድረስ ‹እርስዎ› ነበር የሚለኝ። ግን ውሃ በፈረቃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሞላው የኔን ጀሪካን ነው። ጉንፋን ሲይዘኝ ሾርባውን ደጃፌ ላይ አስቀምጦ፣ አንኳክቶ ይሄዳል። ምን ልበልሽ፣ ባለጃንጥላው እንኳ ከሱ ይፈጥናል።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ደላላው ደውሎ፣ ቤቴል ከፀጉር ቤቴ አጠገብ ለብቸኛ ሴት የሚከራይ ክፍል ተገኘ አለኝ። ለቀጄላ ስነግረው ‹ጥሩ ነው፣ ለሥራሽም ይቀርብሻል› አለና ወጣ። እኔም በልቤ በቃ አለቀ አልኩ። በማግስቱ ረፋድ ላይ የመፍቻ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ፀጉር ቤት ገባ። ሴቶቹ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር እንደተደረደሩ ዓይናቸው ፈጠጠ። ‹ከመሄድሽ በፊት አባትሽን ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ› አለኝ። ‹ምን ልትጠይቃቸው?› ስለው፣ መሬት መሬቱን እያየ ‹አንቺን› አለ።

ሶፊ ካስኩን አጠፋች። ወይዘሮ ከበደችም ከካስኩ ሥር አንገታቸውን አውጥተው ‹ሚስቱን?› ብለው ጮኹ። ‹እናንተ ልጆች! እኔ ወረቀት አምጡ ያልኩት ሽማግሌው አስቀድሞ የሄደ መስሎኝ እኮ ነው!› አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እሱ ግን አልሳቀም፤ መልሴን እየጠበቀ ቆመ። እኔም መቀሴን እንደያዝኩ ‹እሺ› አልኩት። ለደላላውም ክፍሉን ለሌላ ስጥ ብዬ ደወልኩ።

እንግዲህ የዳግም ትንሣኤ እሑድ አጎቱ ጋሽ ዳባና ጎረቤታችን ጋሽ ደመቀ ደጃችሁ ይቆማሉ። ጋሽ ዳባ ‹ልጅዎን ለልጃችን ብንል፣ ቤቱ ያለችን ሴት መለመን አያሳፍርም ወይ?› ሲሉ፣ ጋሽ ደመቀ ‹የዘገየ ደጅ ጥናት ከቀረ ይሻላል› ብለው መለሱላቸው። ድሬ ይሞቃል ብንላቸውም ሁለቱም ጋቢያቸውን ይዘው ነው የሚመጡት፤ ያለ ጋቢ ሽማግሌ አንመስልም ብለው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ አዘጋጂላቸው።

አባባ ‹መክረን እናሳውቃለን› ቢሉ ቅር አይለኝም፤ ወጉ ነው። የምፈራው ‹ወስዳችኋት የለም ወይ፣ ምን ቀራችሁ?› ብለው ከደጅ እንዳይመልሷቸው ነው። እባክሽ እታለም፣ ቡና ቤት ሊወጡ ሲሉ ሳይሆን ረጋ ብለው ሲቀመጡ ንገሪያቸው። ያኔ የተፈራረምነው ለቤት ብለን ነበር፤ አሁን ግን ቀጄላ ወረቀቱ በእጁ እያለ፣ ማንም ሳያስገድደው ደጃቸውን ሊጠና ነው በያቸው። እምቢ ቢሉም ትቼው አልሄድም። ግን ያለ እሳቸው ምርቃት ከምኖር፣ ሽማግሌዎቹን ዓመት ሙሉ ባመላልስ ይሻለኛል።

ለጋሽ ወንድዬ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ማሙሽን ጉንጩን፣ ጸሎትን ግንባሯን ሳሚልኝ። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ፤ በኔ ስም መሆኑን መንገር አለመንገሩን እንደ ፊታቸው አንቺው እዪው።

የምትለመን ሴት ከሽማግሌ ጋር አትሄድምና፣ የዚያን እሑድ ቀጄላን ከስልኬ አጠገብ አስቀምጬ እጠብቃለሁ። አባባ ያሉትን አንዲት ቃል ሳታስቀሪ ደውለሽ ንገሪን። ያ ዝምተኛ ሰው ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሆነ ደግሞ፣ አንዳች ሳልደብቅ እጽፍልሻለሁ።

ታናሽ እህትሽ ጥሩብርሃን ሀብተማርያም
ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት ፳ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.