ከሩት የመጣው ኪኒን

ወላይታ ሶዶ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሩት፣

የጌታ ሰላም እዚያ ጆሃንስበርግ ድረስ ይድረስሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ አባትሽ ከአጠገቤ ስለማይነሳ ነው። የአክስትሽ ልጅ ፈጠነች ደብዳቤውን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች።

የአባትሽ ሳል ብርድ አይደለም። ያ መዝሙር መሪ ሰውዬ አሁን አንድ ስንኝ ሳይጨርስ ትንፋሹ ያልቅበታል። ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩለት፣ እኔም ዝንጅብል ሳፈላለት ከረምኩ። ሲብስበት ሆስፒታል ወሰድኩት። ዶክተሩ የሳንባውን ፎቶ አይቶ፣ "ለልብ ምቱ የሚወስደው አሚዮዳሮን ሳንባውን ጎድቶታል፤ ዛሬውኑ ያቁም፣ በሌላ እንቀይርለታለን" አለ። ለካ በየጊዜው መታየት ነበረበት። እኛ ግን ኪኒኑ ከአንቺ ዘንድ እቤት ድረስ ሲመጣልን፣ ምን ቀጠሮ ያስፈልጋል ብለን ቀረን።

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ልጄ። መድኃኒቱ እዚህ ጠፍቶ ስንንከራተት የደረስሽልን አንቺ ነሽ።

ጭንቄ ሌላ ነው፤ አባትሽ አላቆመም። ትናንት ኮቱን ላጥብ ስል ኪኒኑን ኪሱ ውስጥ አገኘሁት። ጮኽኩበት።

"አንቺ የሩት እናት፣ ይሄን እኮ የላከችው ሩት ናት! ልጄ ከራሷ ቀንሳ የላከችው እንዴት ይጎዳኛል? ዶክተሩ ገና ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል!" አለኝ።

ለጎረቤቱ ሁሉ "የልጄ መድኃኒት" እያለ ሲያሳይ የኖረ ሰው ነው። እኔን ደግሞ መቼ ሰምቶኝ ያውቃል? ግትርነቱን አንቺም ወርሰሻል። የተረፈውን ደበቅኩበት፤ እሱ ግን ካንቺ ዘንድ ዕቃ የሚያመላልሰው ሀብታሙ ሌላ ይዞ ይመጣል ብሎ ይጠብቃል።

ስለዚህ ለሀብታሙ አንዲት ፍሬ እንዳትሰጪው። ለአባትሽ ደውዪና "አባዬ፣ ይቅርብህ" በዪው። ካንቺ አፍ ካልሰማ አይተውም። ብቻ አታልቅሺበት፤ ካለቀስሽ፣ መድኃኒትሽ አልጎዳኝም ብሎ አንቺን ለማጽናናት ሲል እንደገና ይውጠዋል።

ሳንባው ይመለሳል ወይ ብዬ ዶክተሩን ጠየቅኩት። "እንዳይብስ እንሞክራለን" አለኝ። ከዚያ በላይ መጠየቅ ፈራሁ።

መውጣት መግባትሽን ጌታ ይጠብቅልኝ፣ በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ። ለዘመን መለወጫው፣ ለጊፋታ እመጣለሁ ብለሽዋል። እሱም የበሬውን ቅርጫ ካሁኑ ገብቷል። አንቺ ግን፣ ልጄ፣ ጊፋታን አትጠብቂ።

እናትሽ አስካለች