ያለቦታው የከበደ ቃል

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለመሪጌታ ገብረትንሣኤ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ዓይንዎ ተሻለዎት? የእናቴስ ወገብ እንዴት ሆነ? እኔ በአካሌ ደኅና ነኝ፤ ልቤ ግን ከፍርሃት አልወጣም። የደረሰብኝንም ከእርስዎ በቀር የምነግረው የለኝም።

እንደሚያውቁት ሦስት ዓመት ሙሉ በአራዳ ችሎት የእንግሊዝኛ አስተርጓሚ ነኝ። ባለፈው ሰኞ ወይዘሮ አስካለ የምትባል ባልቴት ቀረበች። የሟች ባሏ ወንድም ቤቱ የእኔ ነው ብሎ ከሷታል። በእጇ ያለው ባሏ የተናዘዘላት ወረቀት ብቻ ነው፤ ምስክሯም በራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ሱቅ ያለው አንድ እንግሊዛዊ ነው። ዳኛው ስለ ወረቀቱ ሲጠይቁት "ኢንቫሊድ" የምትል ቃል ያለባት አጭር መልስ ሰጠ። እኔም "ወረቀቱ የማይጸና ነው ይላል" ብዬ አስተረጎምሁ። እስከ ቅዳሜ ቤቱን እንድትለቅ ተፈረደባት።

ስንወጣ እንግሊዛዊው፣ ሴትዮዋ ለምን ታለቅሳለች አለኝ። ብነግረው ፊቱ ደም መሰለ። "እኔ ያልሁት የበሽተኛ ሰው ኑዛዜ ነው፤ ባሏ ታሞ ተኝቶ ሳለ እፊቴ ፈረመ" አለኝ። አባቴ፣ "ገና" ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ግን ሌላ ነው ብለው አስተምረውኝ ነበር። እንግሊዞችም ከቃሉ አንዱን ቦታ ያከብዱታል። ድምፁ በመጀመሪያው "ኢን" ላይ ከከበደ በሽተኛ ማለት ነው፤ በመካከሉ "ቫ" ላይ ከከበደ የማይጸና ማለት ነው። ይህን ልዩነት እሱ እስኪነግረኝ አላውቅም ነበር።

ሁለት ቀን ዝም አልሁ። አሳስቶ ያስተረጎመ ይታሰራል ሲባል ሰምቼ ነበር። ሐሙስ በጊዮርጊስ በኩል ሳልፍ ወይዘሮ አስካለ ዕቃዋን ስታስወጣ አየኋት። እንግሊዛዊውን ይዤ ዳኛው ዘንድ ቀረብሁና ሁሉንም ተናገርሁ። ዳኛውም ሁለቱን ባለጉዳዮች አስጠርተው ፍርዱን ሻሩት፤ ቤቱ ለእሷ ጸና። እኔንም "ያልገባህን ሳትጠይቅ አፍህን እንዳትከፍት" ብለው ለቀቁኝ።

ይቅርታ ልጠይቃት በችሎቱ ደጅ ላይ ጠበቅኋት። አልተቆጣችም። ቀስ ብላ፣ "ልጄ፣ ከእኔ በፊትስ በስንት ሰው ላይ እንዲህ አስፈረድህ?" አለችኝ። አላውቅም አልኋት። አባቴ፣ እውነትም አላውቅም። የእነዚያ ሁሉ ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ይመጣብኛል፤ ነገም ችሎት አለብኝ።

ለእናቴ፣ ለእህቴ ለአይናዲስ፣ ለአጎቴ ለእምሩ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ መፍራቴን ግን ለእናቴ አይንገሯት። ጉልበትዎን እየሳምሁ፣ በጸሎትዎ እንዲያስቡኝ እለምናለሁ።

ልጅዎ አርአያ
አዲስ አበባ፣ አራዳ
እሑድ ኅዳር ፲ ቀን ፲፱፻፳፮ ዓ.ም.