ጳጉሜ የበላችው ዕረፍት

ሰኞ፣ ነሐሴ 26
ለማንም ያልነገርኩትን ላንቺ ልንገርሽ፣ ማስታወሻዬ። ባለቤቴ ታሞ ተኝቶ ሳይነሣ በቀረበት ክረምት የዓመት ፈቃዴ አልቋል አልኩት። አላለቀም ነበር። ሲያቃስት መስማት ፈርቼ ቢሮ እሄድ ነበር። አጠገቡ የዋለችው ታላቅ እህቱ፣ እትዬ ዘነበች ናት። ዛሬም ያ መ/ቤት አልለቅሽ ብሎ እኮ ነው እያለች ታዝንልኛለች። እኔም አላረምኳትም።

በቃ። ተጻፈ። ወደ ሥራ።

ስፌት ፋብሪካችን ዓመቱን እየዘጋ ነው። የነሐሴ ደሞዝ ተሠርቶ አለቀ። የሠራተኛውን ፈቃድ የማሰላውም እኔ ነኝ። ለአዲስ ሰው በዓመት አሥራ ስድስት የሥራ ቀን፤ ደሞዝ በሠራሁ ቁጥር ድርሻው ይደመርለታል። የዘንድሮውን ስሌት ኮምፒውተሩ ላይ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ኤክሴልን የተማርኩት ከመንገድ ዳር ከገዛሁት መጽሐፍ ነው። ምዕራፍ ሰባት ተገንጥሏል። ኩራቴ ግን ሙሉ ነው።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27፣ ከቀኑ 6፡30
ምሳዬን ሳልከፍት ገነት መጣች፤ ቁልፍ የምትተክለው ልጅ። እናቷ የዓይን ሞራ ተነሥቶላቸው ሆስፒታል ተኝተዋል። ሐሙስ ፋሻው ይፈታል። መጀመሪያ የሚያዩት ፊት የእኔ ይሁን ትላለች። አሥራ አምስቱን ቀን ወስዳለች፤ አንድ ይቀረኛል ባይ ናት። ኮምፒውተሩ ግን ከዜሮ በታች ይላል። ፈቃድሽ አልቋል ልላት አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። ያንን ቃል አንዴ ተናግሬዋለሁ።

ነይ አብረን እንየው አልኳት። አሥራ ስድስቱን ለአሥራ ሦስት ወር እንዳካፈልኩት አሳየኋት። ዓመት አሥራ ሦስት ወር አይደል?

«እትዬ አልማዝ፣ ጳጉሜ ደግሞ መቼ ደሞዝ ታውቅና!»

ክው አልኩ። ደሞዝ የምሠራው በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ነው! የጳጉሜ ድርሻ ተቆርሶ፣ ሳይደመር ቀርቷል። የገነት ብቻ አይደለም፤ የሁሉም። ገነት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ጳጉሜን በነፃ ማገልገላችን ሳያንስ ዕረፍታችንንም በላችው?»

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28
ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ስህተቱ የእኔ ነው አልኩ። ተቆጣ። በዓል ሲደርስ እንዲህ ያለ ነገር ከተሰማ ማን ማሽን ላይ ይቀመጣል አለ። ዝም ብለሽ አስተካክዪ፣ ለማንም አትንገሪ። እነግራቸዋለሁ አልኩ። ድምፄ ለራሴም ገረመኝ። የማስተካከያውን ወረቀት ስቦ ፈረመ።

ለአሥራ ሁለት አካፈልኩ። የገነት ቀን ተገኘ! ስፌት ክፍል ገብቼ ስናገር እልልታው ጣሪያ ነካ። አንዷ «የጳጉሜ ነፍስ አባት» ብላ ስም አወጣችልኝ። ቀኑን ሙሉ በዚሁ ስጠራ ዋልኩ።

አርብ፣ ነሐሴ 30
ገነት ተመለሰች። ፋሻው ሲፈታ እናቷ ትኩር ብለው አዩዋት አሉ። እሷ እንባዋን እየጠራረገች ምርቃት ትጠብቃለች።

«ይኼን ዊግ ማን ፈቀደልሽ?»

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። እኔም እስካነባ ሳቅሁ። ቆይቶ እንባው የሳቅ መሆኑ ቀረ። የእኔ ሰው ዓይኑን በገለጠ ቁጥር ያይ የነበረው የእትዬ ዘነበችን ፊት ነው።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 1
ዝናቡ አባርቷል። እንጦጦ ከነዛፉ ወለል ብሎ ይታያል። የፈቃድ ቅጽ ሞላሁ፤ በራሴ ስም። ሰኞ ቀጨኔ፣ ባለቤቴ እህት ቤት እወርዳለሁ። በአፌ መናገር እንደማልችል አውቃለሁ፤ ደጇ ስደርስ ስለ በግ ዋጋ አወራለሁ። ስለዚህ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ማስታወሻዬ፣ እገነጥልሻለሁ። ስታዝንልኝ ኖራለች፤ መቆጣትም ይገባታል። መነጽሯን ታድርግና እኔ ፊት ታንብበው። እነዚህ ገጾች የእትዬ ዘነበች ናቸው።