ከመቃብሩ ቧንቧ የቀዳሁት ውሃ

ለእህቴ ለማርጊታ፣

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ብርድ በገባ ቁጥር የሚያስቸግርሽ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ሩዶልፍስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ብዕሩን አንስቼ ሁለት ጊዜ መልሼ አስቀመጥኩት። አንቺን ግን አልዋሽም። በዚህ ወር የዋሸሁት ይበቃኛል።

ልጄ ካረፈ ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። በልማዳችን የሙት ስም አይጠራምና ስሙን አልጽፈውም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ተቅማጡ ሦስት ቀን ይዞት በአራተኛው እንደሄደ ያኔ ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ፣ ሐኪሙ ምን ውሃ ነው የምትጠጡት ሲለኝ ከቧንቧ ብዬ መዋሸቴን ነው። የአንጀላን ልጆች የመንግሥት ሰዎች ቤቷ ውሃ የለም ብለው በነጭ መኪና እንደወሰዱባት ታስታውሻለሽ። እኔ አሁንም ነጭ መኪና ወደ ሰፈራችን ሲወጣ ባየሁ ቁጥር ሴት ልጄን ዚታን ጎትቼ ቤት አስገባታለሁ።

ባለፈው ወር ዳግማር የምትባል ሴት ከከተማ ልትመጣ ነው ተባለ። የምንጠጣውን ውሃ በጠርሙስ ወስዳ ታስመረምራለች፣ በየቤቱ ማን እንደታመመም ትመዘግባለች አሉ። እማማ ፊሎሜና እንደምታውቂያት ናት፤ "ሃያ ዓመት ሙሉ ሲለኩን ኖሩ፣ እስከ ዛሬ አንድ ቀሚስ እንኳ አልሰፉልንም" ብላ ሰፈሩን አሳቀችው። ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። ሁላችንም ያሰብነው የአንጀላን ልጆች ነበር።

እንግዲህ የሠራነውን ስሚ። ከቆሻሻ መጣያው ሥር የሚወጣውን፣ የምንጠጣውን የምንጭ ውሃ ለእንግዳ ማሳየት አፈርን፣ ፈራንም። ስለዚህ በማለዳ ሴቶቹ ሁሉ ወደ መንደሩ መካነ መቃብር ወርደን፣ ለአበባ ማጠጫ ከተተከለው ቧንቧ ቀዳን። ያንን ውሃ ማናችንም አንጠጣውም። የሙታን ነው፣ የጠጣውን ሰው ይከተሉታል ሲባል ነው ያደግነው። ለማሳየት ግን ይሆናል አልን። የፊት መታጠቢያውን ሳፋ ለብቻ፣ የእግሩን ለብቻ፣ የምግቡን ባልዲ ከፍ ካለ ቦታ አድርጌ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ፣ ሁሉንም ጢም አድርጌ ሞልቼ ጠበቅኋት።

ዳግማር ክፉ ሴት አይደለችም። ጫማዋን ደጃፍ ላይ አወለቀች፣ ያቀረብኩላትንም ቂጣ በላች። ጠርሙሷን ከምግቡ ባልዲ ሞላችና፣ በዚህ ቤት በተቅማጥ የታመመ ወይም የሞተ ልጅ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የልጄ ፎቶግራፍ ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ነበር። እሱን እያየሁ "የለም" አልኳት።

ማክሰኞ ውጤቱ መጣ። ውሃችሁ ንጹሕ ነው ይላል፤ ለእኛ ሊዘረጋ የታሰበው የቧንቧ መስመርም ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። ባሌ ኢምሪ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ ወጣ። ዓርብ ደግሞ ዚታን ተቅማጡ ያዛት። ልክ እንደ ወንድሟ፣ መጀመሪያ ሆዷን፣ ከዚያ ትኩሳቱ። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ።

ሐኪም ቤት ወሰድናት። በንጹሕ ውሃ በጥብጠሽ አጠጫት ብለው ዱቄት መድኃኒት ሰጡኝ፤ እስከ ሰኞ ካልተሻላት እናስተኛታለን አሉ። እታለም፣ ዱቄቱን በእጄ ይዤ ከባልዲው ፊት ለፊት ቆምኩ። ከምንጩ ልቅዳ ወይስ ከሙታኑ? ባልዲውን አንስቼ ወደ መቃብሩ ወረድኩ። ልጄ ያረፈው ከቧንቧው አጠገብ ነው። "ልጄ፣ ይህ ውሃ ያንተ ከሆነ ለእህትህ አካፍላት፤ እሷን ግን አትጥራት" አልኩት።

ስመለስ እማማ ፊሎሜና አይታኝ አማተበች። "አንቺ ሴት፣ ሙት ይዘሽ ልትመጪ ነው?" አለችኝ። ልጄ ነው እኮ፣ ምን ያደርገኛል ብያት አለፍኩ። ቤት ገብቼም ዱቄቱን በዚያው ውሃ በጥብጬ ዚታን አጠጣኋት።

ከዚያ ለዳግማር ደወልኩላት። ውሃው የመቃብር መሆኑን፣ ልጅ እንደሞተብኝም ነገርኳት። ሐሙስ ሌላ ጠርሙስ ይዤ እመጣለሁ፣ ከምንጩ እንቀዳለን አለችኝ። ነጩ መኪናም አብሮሽ ይመጣል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። "እኔ አልጠራቸውም፤ ሌላው ለሚያደርገው ግን ቃል ልገባልሽ አልችልም" አለችኝ። ለመዝገቡም የልጁን ስም ትፈልጋለች። ከሞተ ጀምሮ ከአፌ ያልወጣውን ስም ሐሙስ እነግራታለሁ። ዚታን ወሰዱብኝ የሚል ወሬ ከሰማሽ፣ እናቷ ዳግመኛ እንዳትዋሽ ብላ እንደሆነ እወቂልኝ።

ሩዶልፍን ሰላም በይልኝ። ቫኔሳን ግንባሯን፣ ትንሹን ኖኤልን ሁለቱን ጉንጮቹን ሳሚልኝ። ኢምሪ እጅ ይነሳል። እማማ ፊሎሜናም በእሱ በኩል ሰላም ብላሻለች፤ ከትናንት ወዲህ እኔን ባታናግረኝም።

ዚታ አሁን ነቅታ ውሃ ጠየቀችኝ። ልሂድ።

እህትሽ ጊዜላ
ዶልና ራኪታ፣ ምሥራቅ ስሎቫኪያ
እሑድ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2018