የጋሽ ሰይድ ክንድ

ሰኞ፣ ኅዳር 7

ቀጭ አለ። የደረቀ የማሽላ አገዳ ሲሰበር የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ። ከዚያ የጋሽ ሰይድ ጩኸት ክሊኒኩን ሞላው።

ቀጭ ሲል እጄ ክንዱ ላይ አልነበረም። ይህን ሳይደበዝዝብኝ ዛሬውኑ ልጻፈው። አለቃዬ ደረጀ የተኮማተረውን ክርን በጉልበት ሊዘረጋ ሲጫን፣ የላይኛውን ክንድ ደግፌ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። "ተው፣ ጋሽ ደረጀ፣ ይበቃል!" ብዬ ጮህኩ። አልተወም። ለቀቅኩ። ስለቅቅም አልተወም። ከዚያ ቀጭ።

ጋሽ ሰይድ የጎብዬ ገበሬ ነው። ከጋሪ ወድቆ ክርኑ ተሰበረ፤ ጀሶው ከተፈታለት በኋላ ክንዱ አልዘረጋ ስላለው ነው ወደ እኛ የሚመላለሰው። ማሽላው ደርሷል፣ ማጭድ የሚይዝበት እጅ ቶሎ ይፈልጋል። በመጣ ቁጥር በእኔ ይቀልዳል፦ "ይቺ ልጅ ታባብለኛለች እንጂ አታክመኝም። ወጌሻው ቢሆን አንዴ ጎትቶ ይገላግለኝ ነበር!"

ለእኔ ቀልድ ነው። ለደረጀ ስድብ ነው። የፊዚዮቴራፒን ሙያ ከወጌሻ ጋር የሚያወዳድር ሰው ያንገበግበዋል። ዛሬ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሲስቁ ሰማና ፊቱ ተለዋወጠ። እጅጌውን ሰብስቦ ገባ። "ከወጌሻ እንደማናንስ ላሳይህ" አለ። ጋሽ ሰይድም "ጫን በል! ወንድ ነኝ!" አለው።

ወጌሻውን ሊበልጥ ብሎ ከወጌሻው የባሰ ሆነ።

የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተሩ መጥቶ ክንዱን ነካ ነካ አደረገ። "ጅማት ነው፣ ያብጥና ይተወዋል።" ራጅ የለንም፣ ያለው ወልድያ ነው። "ወልድያ ይላክ" አልኩ።

"አንቺ ረዳት ነሽ" አለኝ።

በረዶ አሰሩለትና ወደ ቤቱ ላኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8

ይዤው ብቆይ ኖሮስ? አጥንቱ ይተርፍ ነበር? ሌሊቱን ሙሉ ይሄው ነው። ክርን በጉልበት አይዘረጋም፣ ታካሚው ራሱ ቢለምንም። ይህን ተምሬያለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ። ገና ሲጀምር "አልይዝም" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አለቃዬ ነውና ያዝኩለት።

ከሥራ ስወጣ ከቆቦ በሚኒባስ ጎብዬ ወረድኩ። የጋሽ ሰይድ ሚስት ፋጡማ በሩ ላይ ያዘችኝ።

"ምን ቀረሽ? ግራውን ልትሰብሪ መጣሽ?"

ክንዱ አብጦ ጭን አክሏል። ይባስ ብላ ነገ ጠዋት ወጌሻው እንደሚመጣ ነገረችኝ። እንደገና ሊጎተት ነው!

ተሰብሯል ብሎ መናገር የረዳት ሥልጣን አይደለም። የሰማሁትን መናገር ግን ማንም አይከለክለኝም። "ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ" አልኳቸው። "በአላህ ይዣችኋለሁ፣ ራጅ ሳይነሳ ማንም እንዳይነካው።"

ጋሽ ሰይድ ከመደቡ ላይ ሆኖ አየኝ። "ትናንት ጥለሽኝ ዛሬ ልትደግፊኝ መጣሽ?"

ጥለሽኝ። እሱም ያየው መልቀቄን ብቻ ነው።

ልሄድ ስል ፋጡማ ተከትላኝ ወጣች። "የወልድያ መኪና ስንት ሰዓት ይነሳል?" አለች፣ ፊቷን ሳትፈታ። የዛሬ ድሌ ይቺ ብቻ ናት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

ታገድኩ።

ያለ ፈቃድ ታካሚ ቤት ሄደሻል። ክንዱን ለቀሽ አደጋ አድርሰሻል። ዶክተሩ ሁለቱን ጥፋቶች በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። ደረጀ ጫማውን እያየ "ደግፋ ብትይዝ ኖሮ አይደርስም ነበር" አለ።

ይህ ሰው ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት "ከተጠራጠርሽ እጅሽን አንሺ" ብሎ የመከረኝ ነው። እጄን አነሳሁ እንግዲህ!

"ራሱ ጫን በል ብሎ የለ እንዴ?" አለኝ ኮሪደሩ ላይ፣ ቀስ ብሎ። "እሱ ምን እንደሚከተል አያውቅም። አንተ ታውቃለህ" አልኩት። ዞሮ ወደ ታካሚዎቹ ገባ። እሱ ሥራው አለው።

ዓርብ፣ ኅዳር 11

ፋጡማ ከወልድያ ደወለች። ተሰብሯል። በሚቀጥለው ሳምንት ደሴ ሄዶ ብረት ይገባለታል። እንደ ድሮው ላይዘረጋ ይችላል ብለዋቸዋል። ማሽላውን ጎረቤት በደቦ ያጭድላቸዋል።

"ወጌሻውን መልሼዋለሁ" አለች። ከዚያ "ምነው ባልለቀቅሽው" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ከሰዓት አጎቴ ጋሽ አራጌ መጣ። ያሳደገኝ እሱ ነው። እሑድ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ እሱም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው። ሁሉም ነገር አልቋል፣ የቀረው የእኔ አፍ ብቻ ነው።

"አጥፍቻለሁ በይና የሰይድን ጉልበት ሳሚ። ልጅ ነሽ፣ ገና ነሽ፣ ጥፋቱ ካንቺ ከሆነ ሰው ቶሎ ይምራል። ደረጀ የልጆች አባት ነው። ሥራሽም ይመለስልሻል።"

"ደረጀስ?"

"ከታረቃችሁ በኋላ ነገሩ አይነሳም።"

የፈራሁትም ይህንኑ ነው። አይነሳም። ደረጀ ነገ ሌላ ክርን ይይዛል።

እሑድ፣ ኅዳር 13

ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። ጋሽ ሰይድ ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጥቷል፣ ከስቷል። ጋሽ አራጌ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ተነሳሁ።

"ጉልበትህን እስማለሁ፣ ጋሽ ሰይድ። ከመጀመሪያው አልይዝም ባለማለቴ እስማለሁ። አጥንትህን የሰበርኩት ግን እኔ አይደለሁም።"

ግቢው ተንጫጫ። ትልቁ ሽማግሌ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። "ልጄ፣ የመጣነው ለእርቅ ነው፣ ለክርክር አይደለም።"

"ነገ እዚያ አልጋ ላይ ለሚተኛውስ ማን ይታረቅለታል፣ አባባ?"

"ብርቱካን! ተቀመጪ!" አለ ጋሽ አራጌ። አልተቀመጥኩም።

ጋሽ ሰይድ ቀና ብሎ አየኝ። "ለምን ለቀቅሽኝ?" አለ።

"እንዲያቆም። ይዤ ብቆይ ቀጥል ያልኩት ስለሚመስል።"

"ተው ስትይ ሰምቻለሁ" አለ። ደረጀ አንገቱን ደፋ። ጋሽ ሰይድ ግን ቀጠለ፦ "ጫን በል ያልኩትም እኔ ነኝ። ማንን ልክሰስ?"

ሽማግሌው ቀዳዳ አገኙ። "እንግዲያው የማንም ጥፋት አይደለም! ከላይ የመጣ ነው።" መረቁ። አሜን ተባለ። ደረጀ የጋሽ ሰይድን ጉልበት ሳመ፣ ምን እንዳጠፋ ሳይናገር። ነገ ሥራ ይገባል። እኔን ዶክተሩ "አንቺን እናስብበታለን" አለኝ፤ እንደማያስብበት አውቃለሁ።

ጋሽ አራጌ ብቻውን ባጃጅ ይዞ ሄደ። ቤት እስክደርስ በእግሬ እየሄድኩ አለቀስኩ።

ሥራ የለኝም። የቤት ኪራይ ደርሷል። ቆቦ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሌላ ክሊኒክ ቢቀጥረኝ እንኳ "ክንድ የለቀቀችው" እባላለሁ። ይበሉኝ። ልጅ ነሽና ጥፋቱ ባንቺ ይቅለል የሚለውን ግን ከእንግዲህ ከማንም አልቀበልም፣ ካሳደገኝ ሰውም ቢሆን። አለቃዬ ነው ብዬም የማላምንበትን ክንድ አልይዝም።